ከጫት እስር የወረደች ቀንድ አውጣ

ኢስታሂል ሰውን በችኮላ ንቃ አታውቅም። መነጽሯን አድርጋ፣ ጊዜ ወስዳ፣ አገላብጣ ካየች በኋላ ነው የምትንቀው። ሃያ አራት ዓመት ሐረርጌ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ቀንድ አውጣ ስትለይ የኖረች ሴት ናትና ሰውንም በሌላ መንገድ ማየት አልለመደባትም። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገችው ይህች ሴት ጡረታ ስትወጣ ወደ አባቷ አገር ወደ ሃርጌሳ የመጣችው «ከወገኖቼ መሃል ልረፍ» ብላ ነበር። ወገኖቿን ከቅርብ ካየቻቸው በኋላ ግን ዕረፍቱን ተወችውና ንቀቷን ይዛ ሥራ ገባች።

ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሃርጌሳ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፍራሽ መሸጫ በላይ፣ ሦስት ክፍል የተከራየ የተፈጥሮ ጥናት ማዕከል አለ። ማዕከል ይባል እንጂ ያለው ሀብት እሷ በዘጠኝ ዓመት የሞላቻቸው አርባ መሳቢያዎች ብቻ ነበሩ። በመሳቢያዎቹ ውስጥ የአገሩ የየብስ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በየወገኑ ተደርድሯል። አፏን የምትዘጋበት ክዳን ያላት ለብቻ፣ የሌላት ለብቻ፤ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዘው ለብቻ፣ ወደ ግራ የምትጠመዘዘው ለብቻ፤ ሌላዋን ቀንድ አውጣ የምትበላዋ ደግሞ፣ ኢስታሂል እንደምትለው፣ «በባለሥልጣናቱ ረድፍ»። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። እያንዳንዷ የተገኘችበት ቦታ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ነጩ መርፌ በሕይወት ለተገኘች፣ ጥቁሩ ለባዶ ቅርፊት።

ለእሷ ቀንድ አውጣ ከሰው የምትሻለው ስለማትዋሽ ነው። ቅርፊቷ ወፍራምና ነጭ ከሆነ ፀሐይ የጠበሰው አገር ልጅ ናት፤ ከድንጋይ ሥር ወይም ከግራር ግንድ ላይ ተለጥፋ፣ አፏን ዘግታ፣ ዝናብ እስኪመጣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ትተኛለች። ቅርፊቷ ቀጭን፣ ቡናማ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የጥላና የእርጥበት ልጅ ናት፤ ጠዋት የሃርጌሳ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጣት ለምሳ አትደርስም። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ዶክትሬት ያለው ግን አያውቀውም ነበር።

ዶክትሬት ያለው የማዕከሉ ዳይሬክተር ጉሌድ ነው። ሻርጃ ያደገ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚል። ፈገግታው ብቻውን ለኢስታሂል በቂ ጥፋት ነበር። ያጠናው ስለ ቆሻሻ ውሃ አያያዝ ነው። እንዴት በቀንድ አውጣ ላይ እንደተሾመ ስትጠየቅ «በየትም ቀዳዳ የሚገባው ውሃ ነዋ!» ትላለች። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ከቦራማ ተራራ የመጣ ትልቅ ነጭ ቅርፊት አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈና «ኤዶ፣ ባሕሩ ይሰማል!» አላት። ኤዶ ሲል አክስቴ ማለቱ ነው፤ ሶማሌው ትልቅ ሴት የሚያከብርበት ቃል ነው። ኢስታሂል ባሕር አይታ የማታውቀውን የተራራ ቀንድ አውጣ ከእጁ ተቀብላ ወደ መሳቢያዋ መለሰቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮም «ዶክተር» እያለች ትጠራው ጀመር። እሱ አክብሮት መሰለው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የመለያ ወረቀቱ ነገር ነው። እያንዳንዱ የቅርፊት ሣጥን ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በፊት አራት መስመር ነበረው፦ ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ በመጨረሻም ቀንድ አውጣዋ ምን ላይ፣ እንዴት ሆና እንደተገኘች። ጉሌድ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ቅጽ ሠራና «ኤዶ፣ ሰው አያነብም። ሦስት መስመር ይበቃል» አለ። አራተኛው የነገሩ ነፍስ መሆኑን አንድ ጊዜ ነገረችው። ፈገግ አለ። ኢስታሂል አንድ ጊዜ ተናግራ ያልሰማትን ሰው ሁለተኛ መንገር ከልመና ትቆጥረዋለች፤ ስለዚህ ሦስት መስመር አለ፣ ሦስት መስመር ጻፈች። አራት መስመር ያላቸውን፣ ሜዳ ላይ በአማርኛ የሚጻፉትን ብጣሽ ወረቀቶች ግን ከጠረጴዛዋ ሥር በጫማ ካርቶን ታስቀምጥ ነበር። ጉሌድ አማርኛ አያነብም።

ብጣሾቹን የሚጽፈው ደምመላሽ ነው። ደምመላሽ የመርሳ ሰው ነው፤ ሃርጌሳ የመጣው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ለሚሠራ ፎቅ ድንጋይ ሊሸከም ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ኢስታሂል እዚያ የድንጋይ ክምር ስትፈትሽ ሠራተኞቹ «አሮጊቷ ወርቅ ጠፍቷት ነው» እያሉ ሲሳለቁ፣ እሱ ዝም ብሎ መጣና ድንጋዮቹን እየገለበጠ ያሳያት ጀመር። አይታ ስትጨርስ እያንዳንዱን ድንጋይ እንደነበረ መለሰው። ድንጋይ ገልብጦ ወደ ቦታው የሚመልስ ወንድ በሕይወቷ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ በማግስቱ ቀጠረችው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀንድ አውጣ አልነካም ብሎ አስቸግሯት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ሥጋ ነው አይደል?» ይላታል።

«ብላ አላልኩህም፤ ልቀም ነው ያልኩህ።»

«ቢሆንም።»

አሁን ከእሷ በቀር በከተማው ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የሚከፈለው ግን አሁንም በቀን ሠራተኛ ደንብ ነበር። የመኖሪያ ካርዱ በየዓመቱ የሚታደሰው ማዕከሉ በሚጽፍለት ደብዳቤ ነው፤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራው ሚስቱ ብርቅነሽም የእሷ ካርድ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያ ደብዳቤ ከቀረ ሁለቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል መውጣት ነው ዕጣቸው። ይህን ማዕከሉ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት፣ ዝናቡ አንዴ ጥሎ ባባራ ሰሞን ነው። ደምመላሽ እኩለ ቀን ላይ እያለከለከ ደረጃውን ወጣና አምስት ቀንድ አውጣ በክዳን ጣሳ ይዞ ገባ። ቡናማ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቁ። ኢስታሂል ገና ስታያቸው ሳቋ መጣ። እነዚህን ታውቃቸዋለች። ሐረርጌ በጫት ማሳ ውስጥ ሲርመሰመሱ ሃያ አራት ዓመት ረግጣቸዋለች።

«ከየት አመጣሃቸው?»

«ታች ከጫት ሱቆቹ ጀርባ። ሴትዮዋ እስሩን ስትፈታ እርጥቡን መጠቅለያ ቅጠል ትጥላለች፤ እሱ ላይ ናቸው። ጠየቅኋት፤ ዛሬ ከአወዳይ የገባ ነው አለች። መኪናው ነው ያመጣቸው፣ እትዬ። ጻፍኩት።»

ብጣሹን አሳያት። አራተኛው መስመር ላይ በጥሩ የቄስ ተማሪ እጅ «ከአወዳይ ዛሬ በገባ የጫት እስር፣ በእርጥብ መጠቅለያ ቅጠል ላይ፣ በሕይወት» ይላል። ጎበዝ አለችው፤ ብጣሹንም ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ ጉሌድ በዚያች ደቂቃ ባይገባ።

ጉሌድ ጣሳውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «ኤዶ! ይቺ በዝርዝራችን አለች?»

«የለችም» አለች ኢስታሂል። እውነቷን ነው።

«በሕይወት ናት?»

«በሕይወት ናት።»

«የት ተገኘች?»

«እዚሁ፣ ጅግጅጋ ያር።»

«ምን ላይ?»

«ቅጠል ላይ።»

ደምመላሽ የሰማውን ያህል ሶማሊኛ ሰምቶ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኢስታሂል በአማርኛ «ተወው» አለችው። ተወው። እሷ ካለች ምክንያት ይኖራታል ብሎ ነው፤ በዚህ ከተማ እሱን በስሙ የምትጠራው አለቃ እሷ ብቻ ነበረች። ኢስታሂል የመለያ ወረቀቱን ራሷ ጻፈች። ቦታ፣ ጅግጅጋ ያር። ቀን። ሰብሳቢ፣ ደምመላሽ። ሦስት መስመር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ኢስታሂል ወንበሯን አመቻችታ ተቀመጠች ማለት ይቻላል። ጉሌድ ጽሑፍ መጻፍ ጀመረ። ይህች ቀንድ አውጣ ሃርጌሳ በጥንት ዘመን ለምለም እንደነበረች የምትመሰክር፣ ከድርቁ ተርፋ በከተማው እምብርት ተደብቃ የኖረች ናት አለ። ካርታው ላይ ቀይ መርፌ ሰካ፤ ቀይ መርፌ ቀድሞ አልነበረም፣ ለዚህ ብሎ ነው የገዛው። በሬዲዮ ቀርቦ ተናገረ። ፍራሽ ሻጩ እንኳን ሰምቶ ኖሮ ደረጃው ሥር አስቁሞ እንኳን ደስ አላችሁ አላት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው፣ እያለች በልቧ ስትስቅ ሁለት ወር አለፈ። ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን ይዋሻል? እንደዚያ ደስ ካላት ዓመታት አልፈው ነበር። ቤቷ ስትገባ እራቷን እየበላች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

አምስቱ ቀንድ አውጣዎች በማሰሮ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ተነጥፎላቸው፣ ጎመን እየበሉ ይኖራሉ። ጥጡን በየጠዋቱ የሚያርሰው ደምመላሽ ነው። ጉሌድ በደስታው ብዛት ደግ ሆኖ ነበርና አንድ ቀን ጠርቶ «ያገኘኻት አንተ ነህ፤ ከስብሰባው በኋላ ቋሚ ውል ትፈርማለህ፤ ካርዳችሁም የሦስት ዓመት ይሆናል» አለው። ደምመላሽ ይህን ሰምቶ ሊደሰት ሲገባው ፊቱ ጠቁሮ ወደ ኢስታሂል መጣ።

«እትዬ፣ ብንነግረው አይሻልም?»

«ጠይቆህ ያውቃል?»

«እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

«እንግዲያው ምን አስቸኮለህ?»

«እርስዎን ግን ጠይቆዎታል።»

«የጠየቀኝን መልሻለሁ። አቦ፣ ተወው ትንሽ ይማር። አንዴ በሰው ፊት ካልወደቀ ሁለተኛ አያነብም።»

ደምመላሽ ጥጡን ሊያርስ ሄደ። በልቡ እግዜር ያውቃል እያለ ይሆናል፤ አልተናገረም። አለመናገርን ከማን እንደተማረ ግልጽ ነው።

ጉሌድ ሁለተኛ የጠየቃት ጽሑፉ ሲያልቅ ነው። «ኤዶ፣ በወገኗ እርግጠኛ ነን?» አላት፤ «በወገኗ እርግጠኛ ነን» አለችው፤ ወገኗ እኮ እርግጥ ነው። ሦስተኛ የጠየቃት ከስብሰባው በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ፈገግታው አልነበረም።

«ኤዶ፣ እኔ የቆሻሻ ውሃ ሰው ነኝ» አለ። «ይኼን ታውቂያለሽ። የተሳሳትኩት ነገር ካለ ንገሪኝ።»

እውነቱን ለመናገር ኢስታሂል ልትነግረው ዳዳት። ግን ያመጣላትን ወረቀት ገለጠች። የእሷ ስም ከጸሐፊዎቹ መሃል የለም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ለሻይ አፍይዋ ምስጋና ከቀረበበት መስመር ቀጥሎ፣ «ለቴክኒክ ድጋፍ» ተብላ ተመስግናለች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

«ጥሩ ነው፣ ዶክተር» አለችው።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በማዕከሉ ትልቁ ክፍል ተደረገ። ሠላሳ ያህል ሰው መጣ፤ ከሚኒስቴር የመጡ፣ መምህራን፣ ሳምቡሳ ይኖራል ብለው የመጡም አሉ። ኢስታሂል ከኋላ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየቻቸውና አንዱንም አልማረችም። የምትጠብቀው ናስተሆን ነበር። ናስተሆ የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ ዶክትሬቷን በየብስ ቀንድ አውጣ ላይ እየሠራች፣ የምሥራቁን ተራራ ሁሉ በእግሯ የዞረች። ጉሌድ የጋበዛት ለክብር ብሎ ነው። ኢስታሂል የተጋባዦች ዝርዝር ላይ ስሟን ስታይ በጉ ወደ ቢላዋው በገዛ እግሩ እንደሄደ አድርጋ ነበር የቆጠረችው።

ጉሌድ ተናግሮ ሲጨርስ ተጨበጨበለት። ናስተሆ እጇን አወጣችና ማሰሮውን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቀች። አመጡላት። አጉሊ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«እርጥብ ጥጡ ለምንድን ነው?»

«ካለዚያ ይሞታሉ» አለ ጉሌድ።

«አገራቸው ከሆነ ለምን ይሞታሉ?»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ። ጉሌድም ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም። ናስተሆ ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ሐኪም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ይህችን አውቃታለሁ። ሐረር ዙሪያ ጫት ማሳ ውስጥ ሞልታለች። ስመጣ ደግሞ ከዚህ ቤት ሥር ስድስት የጫት ሱቅ ቆጠርኩ። የጫቱን መኪና ተሳፍራ የመጣች ናት።»

ሳቁ አሁን ክፍሉን ሞላው። የሚኒስቴሩ ሰው ሳምቡሳውን እንደጎረሰ ትን አለው። ኢስታሂል ይህችን ደቂቃ ሁለት ወር ጠብቃታለች፤ እንደ ማር አጣጣመቻት። ጉሌድ ቀይ መርፌው አጠገብ ቆሞ ፊቱ መርፌውን መስሏል። ማሩ ከምላሷ ሳይወርድ ግን ጉሌድ ዞረ። ወደ እሷ አይደለም፤ ማሰሮውን ይዞ በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ወደ ደምመላሽ ነው።

«ይህ ሰው ነው ያመጣት!» አለ። «ከየት እንዳመጣት ደብቆናል። ከጫት ሱቅ ለቅሞ አዲስ ግኝት ነው ብሎ ሰጠን!»

ሠላሳ ራስ ዞረ። «ሲቅም ያገኛት ናት» አለ አንዱ። ሌላው «ሐበሻ አይደል?» ብሎ አሽሟጠጠ። ደምመላሽ በተሰባበረ ሶማሊኛው «እኔ ጽፌ... እኔ ጽፌ ሰጥቼ...» አለና ቆመ። ለማን እንደሰጠ አልተናገረም። ወደ ኢስታሂል አየ፤ አየና ደግሞ ዓይኑን መለሰ፣ እንዳያጋልጣት።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው ጉሌድ። «ደብዳቤም የለም።»

ኢስታሂል ከወንበሯ አልተነሣችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ነው። አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጉሌድ ተዋርዷል፣ እሷ ንጹሕ ናት፣ መሳቢያዎቿ መሳቢያዎቿ ናቸው። ደምመላሽስ? ለደምመላሽ ሌላ ሥራ ይገኝለታል ብላ ልታስብ ሞከረች፤ እንደማይገኝለት ከእሷ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ብርቅነሽ ውጫሌ ኬላ ላይ ፌስታል ይዛ ስትቆም ታያት። በዚያ ላይ እነዚያ ሠላሳ ሰዎች እሱን የሚያዩበት ዓይን አስጠላት። ፈልጋው ነበር እኮ ያንን ዓይን፤ ለሌላ ሰው ነበር እንጂ።

ተነሣች። ከጠረጴዛዋ ሥር የጫማውን ካርቶን ጎትታ፣ ብጣሹን ፈልጋ አወጣችና ለናስተሆ ሰጠቻት። «አማርኛ ታነቢያለሽ» አለቻት። «ጮክ በይ።»

ናስተሆ አራቱንም መስመር በአማርኛ አነበበች፤ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ መለሰችው።

«ይህን መቼ ጻፈው?» አለ ጉሌድ።

«ባገኘበት ቀን።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሐረርጌ ሃያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጣሳው ሳትወጣ ነው ያወቅኋት።»

ይጮኻል ብላ ጠበቀች። ቢጮኽ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር፤ ለጩኸት የሚሆን መልስ አላት፤ አራተኛውን መስመር ማን እንደሰረዘ፣ ባሕሩን በጆሮው ማን እንደሰማ፣ ሁሉንም አዘጋጅታዋለች። ጉሌድ ግን አልጮኸም።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ፣ ኤዶ» አለ። «የጠየቅሁሽ ስለማላውቅ ነው። የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ማድረግ ነበረበት?»

ጉሌድ ወደ ካርታው ሄደ፤ ቀዩን መርፌ በገዛ እጁ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሠላሳው ሰው እየሰማ ደምመላሽን ይቅርታ ጠየቀው፤ ደብዳቤውም ውሉም እንደተባለው ይጻፋል አለ። ኢስታሂል ይህን ሰውዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አገላብጣ አይታው ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው ከዚያ ሸሚዝ ውስጥ ይገኛል ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

የናስተሆ ደግሞ ባሰ። ሰው ሳምቡሳውን ጨርሶ ሲበተን ኢስታሂል አጠገብ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ የመጣሁት ለዶክተሩ ጽሑፍ አልነበረም» አለቻት በአማርኛ። «እነዚህን አርባ መሳቢያዎች ለማየት ነው። ስለ ሥራዎ ሐረር ብዙ ሰምቼ ነበር። አሁን ግን ከእነዚህ የትኛውን ልመን? አንዱን እያወቁ አሳስተው ከጻፉ፣ ሌላውን እንዳላሳሳቱ በምን አውቃለሁ?»

«ያቺ ለቀልድ ናት» አለች ኢስታሂል።

«የቀሩት የቁም ነገር ለመሆናቸው ምልክት ተደርጎባቸዋል?»

ምልክት የለም። ናስተሆ አንድም መሳቢያ ሳትከፍት ቦርሳዋን አንግታ ወረደች። ዘጠኝ ዓመት ኢስታሂል አንድ እንኳን የሚገባው ሰው መጥቶ እንዲያያቸው ስትጠብቅ የኖረችባቸው መሳቢያዎች፣ የሚገባት ሰው መጥታ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እንባ መጣባት፤ ለማንም እንዳይታይ መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጠረገችው።

ክፍሉ ውስጥ ደምመላሽ ብቻ ቀረ። ወንበሮቹን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ የፈሰሰውን ጭማቂ ወለወለ። ሲጨርስ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ።»

«አታመስግነኝ» አለችው። «የተናገርኩት እውነቱን ነው፤ ምስጋና የለውም።»

«ላመሰግንዎ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችው። እጁን ከኋላው አጣምሯል። አራት ዓመት ሲያገለግላት እንዲህ ቆሞ አይታው አታውቅም።

«ዶክተሩን እያወቁ ዝም ያሉት ስለናቁት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔንስ?»

«አንተን? አንተ እኮ...» ወላሂ ልትል አፏን ከፈተች። ወላሂ ግን በሐሰት የሚማሉበት ቃል አይደለም። አፏን መልሳ ገጠመችው።

ደምመላሽ አልተንቀሳቀሰም። አላጣደፋትም፤ ግን አልሄደላትም። በመጨረሻ ኢስታሂል ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ሰባተኛውን መሳቢያ ሳበች። ከጥጉ አንድ ትንሽ ሣጥን አወጣች። ውስጡ ስድስት ነጫጭ ቅርፊት አለ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ። ከላያቸው ደምመላሽ በመጀመሪያው ዓመት በእርሳስ የጻፈው ወረቀት አለ። ያን ጊዜ አዲስ ወገን ያገኘ መስሎት፣ ለጨዋታም ለፍቅርም ብሎ፣ በሚስቱ ስም «ብርቅነሽ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር።

«ልጆች ናቸው» አለችው። «አዲስ ወገን አይደሉም። የዚያችው የተለመደችው ነጭ ቀንድ አውጣ ልጆች። የቅርፊታቸው ከንፈር እንዳደጉት ወደ ውጭ ሳይገለበጥ ነው የለቀምካቸው።»

«ያኔውኑ ያውቁ ነበር?»

«ያኔውኑ።»

«አራት ዓመት ሙሉ።»

«አራት ዓመት።»

«ይስቁብኝ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «እንግዳ ሲመጣ አሳይ ነበር» አለችው።

ደምመላሽ ሣጥኑን ከእጇ ተቀበላት። ስድስቱን ቅርፊቶች አንድ በአንድ እያነሣ ከንፈራቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ስለታም ነው፣ ያልበሰለ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ እርሳስ መዘዘ። መጀመሪያ የሚስቱን ስም ሠረዘ። ቀጥሎ ከታች ሰብሳቢ ከሚለው አጠገብ ያለውን የራሱን ስም ሠረዘ።

«ቀጣዩን ስሕተቴን ያውጡ» አላት።

ቀጣይ እንዳለ በምን እንዳወቀ አልጠየቀችውም። አሥራ አንደኛውን መሳቢያ ሳበች።